ሳጋናኪ ለቅበላ፦ የአስራ አንድ ቀን የመጥበሻ ማስታወሻ

ሐሙስ

ነነዌን ፈታን። የመጀመሪያው ሥራዬ ፎርማጆ መጥበስ ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አቴንስ፣ ኪፕሴሊ ሰፈር መኖር ከጀመርኩ ቆየሁ። ታቬርና፣ ማለትም የግሪክ ምግብ ቤት፣ በገባሁ ቁጥር ሳጋናኪ አዝዛለሁ፣ እቤቴ ግን አንድም ቀን ሠርቼው አላውቅም። ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ "ለቅበላ እኔ ጋ ኑ፣ ሳጋናኪ እጠብስላችኋለሁ" አልኩ። ስድስት ሰው ዓይኑን ሳያሽ እሺ አለ። አሁን ዐቢይ ጾም ሊገባ አስራ አንድ ቀን ቀርቶታል። ሁለት አርብና አንድ ረቡዕ ሲቀነስ ጠብሼ መቅመስ የምችለው ስምንት ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ የየቀኑን እዚህ እየጻፍኩ እሄዳለሁ፣ ቢያንስ አንዱን ስህተት ሁለቴ እንዳልሠራው።

ለማያውቀው ሰው፦ ሳጋናኪ ማለት ጠንከር ያለ ፎርማጆ በጣት ውፍረት ተቆርጦ፣ ዱቄት ነክቶ፣ በወይራ ዘይት ተጠብሶ፣ ሎሚ ተጨምቆበት በትኩሱ የሚበላ ነገር ነው። ከላይ ቅርፊቱ ቡናማና ኩርሽም የሚል፣ ውስጡ የለሰለሰ፣ ግን የማይፈስ። ፈተናው ያለው እዚህችው "የማይፈስ" የምትለው ላይ ነው።

ዛሬ ፍሪጅ ውስጥ የተገኘው ፌታ ብቻ ነበር። ፎርማጆ ፎርማጆ ነው ብዬ ከጨው ውሃው አወጣሁት፣ ዱቄት ላይ አንከባለልኩት፣ የጋለ ዘይት ውስጥ ጣልኩት። ዘይቱ እንደ ርችት ተንጣጣ። ክንዴ ላይ ሦስት ቦታ ተቃጠልኩ። ፌታው አልፈሰሰም፣ ያ እውነት ነው፤ ተፈረካከሰ እንጂ። ዱቄቱ ለብቻው አረረ፣ ፌታው ለብቻው ፍርፍር ሆነ። በዳቦ ጠርጌ በላሁት፣ አልጣልኩም።

ታች ፎቅ የሚኖሩት ኪሪያ ጭሱ ሸቷቸው ደረጃውን ወጡ። ኪሪያ ማለት እመቤት እንደማለት ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠራቸው። ኢፒሮስ የሚባለው የግሪክ ክፍለ አገር ሰው ናቸው፣ ሰማኒያን አልፈዋል፣ ከእኔ በፍጥነት ነው ደረጃ የሚወጡት። መጥበሻውን አዩ፣ እኔን አዩ። "ፔዲ ሙ፣ ፌታ ምን በደለሽ?" አሉኝ። ፔዲ ሙ ልጄ ማለት ነው።

ፌታም ይጠበሳል አሉኝ፣ ግን ልብስ ይፈልጋል። ወይ እንቁላልና ዱቄት ይለብሳል፣ ወይ ፊሎ በሚባለው ስስ ሊጥ ተጠቅልሎ ይጠበስና ማርና ሰሊጥ ይደረግበታል። ራቁቱን የሚጠበሰው ሌላ ነው። ነገ ገበያ ሂጂ ብለው ወረዱ።

አርብ

ጾም። መጥበስ የለም፣ መግዛት ግን ይቻላል። አቲናስ መንገድ ያለው ቫርቫኪዮስ ገበያ ሄድኩ። ስጋና ዓሣው አዳራሹ ውስጥ ነው፣ ፎርማጆ የሚሸጡት ሱቆች ዙሪያውን አሉ። ሻጩ ስለ ሳጋናኪ ስጠይቀው ደስ አለውና በቢላው ጫፍ አንድ ስስ ቁራጭ አቀረበልኝ። እጄን አወዛወዝኩ፣ "ኒስቴቮ" አልኩት፣ ጾም ላይ ነኝ። እሱም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይቅርታ ጠየቀ፣ ቁራጩን ራሱ በላው።

ሳልቀምስ ስለምገዛ ስም እየጠየቅሁ ገዛሁ። ሦስት ዓይነት፣ እያንዳንዱ ሩብ ኪሎ።

ካሴሪ፦ ቢጫ፣ ለስለስ ያለ፣ ቢያንስ 80 በመቶው የበግ ወተት የሆነ። ኬፋሎቲሪ፦ ጠንካራ፣ ጨዋማ፣ የድሮ ሰው ምርጫ። ኬፋሊ ራስ ነው፣ ቲሪ ደግሞ አይብ ነው፣ "ራስ አይብ" ብንለው ያስኬዳል። ሦስተኛው ኬፋሎግራቪየራ ነው፤ ግራቪየራ በስዊሱ ግሩዬር ስም የተጠራ የግሪክ ፎርማጆ ሲሆን፣ ይሄኛው ከግራቪየራና ከኬፋሎቲሪ መሀል የቆመ ነው። በሕግ የተጠበቀ ስም አለው። በምዕራብ መቄዶንያ፣ በኢፒሮስ፣ በኤቶሎአካርናኒያና በኤቭሪታኒያ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ቢያንስ ሦስት ወር ይቀመጣል። ኢፒሮስ ስትባል ኪሪያ ትዝ አሉኝ፣ ቢጠየቁ ለአገራቸው ነው የሚያዳሉት ብዬ ጠረጠርኩ።

ሁሉንም ፎርማጆ እያልኩ ነው የምጽፈው። የግሪኩን ነገር በጣልያንኛ መጥራት ያስቃል፣ ግን እናቴ ቤት አይብ ሲባል የሚመጣው ነጩ ነው፣ ይሄኛው ቢጫው ነው። እንዲለይ ነው።

ቅዳሜ

ዛሬ ዋናው ፈተና ነበር፣ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

ሦስቱንም አንድ ዓይነት ቆረጥኩ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ። መጥበሻው ላይ ሦስት አራት ሚሊ ሜትር የወይራ ዘይት። ዘይቱ መድረሱን የማውቀው ቁንጣሪ ዱቄት ጣል አድርጌ ወዲያው ከተንጨረጨረ ነው። ከጨሰ አልፏል።

ካሴሪ ገባ። መጀመሪያ ያምር ነበር። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ወገቡ ለቀቀ፣ ተዘረጋ፣ መጥበሻውን ሞላው። ሹካ ሳስገባበት እንደ ማስቲካ ክንድ የሚያህል ክር ሳበ። ጣዕሙ ግሩም ነው፣ ችግሩ ሳጋናኪ አለመሆኑ ነው። በኋላ ሳስበው ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ካሴሪ ሲሠራ የረጋው ወተት በሙቅ ውሃ ውስጥ እየታሸ እየተለጠጠ ነው። ሙቀት ሲያገኝ መለጠጡን ያስታውሳል። ፒዛ ላይ ቢገባ አገር ያስለቅሳል።

ኬፋሎቲሪ አልፈሰሰም። ጎበዝ። ግን ጨው! ሁለት ጉርሻ በልቼ ሦስት ብርጭቆ ውሃ ጠጣሁ። ሻጩ በዕድሜ የገፋውን ነው የሰጠኝ መሰለኝ።

ኬፋሎግራቪየራ ላይ ሙሉ ተስፋዬን ጥዬ ነበርና ገና ሰላሳ ሴኮንድ ሳይሞላ በመገልበጫው ላነሳው ብል ቅርፊቱ መጥበሻው ላይ ቀረ፣ ሥጋው እጄ ላይ መጣ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ሁለተኛውን ጣልኩ፣ እጄን ወደ ኋላ አስሬ ቆምኩ። ቅርፊቱ ሲበስል ራሱ ይለቃል፤ መጥበሻውን ነቅነቅ ስታደርጉት ቁራጩ ከተንሸራተተ ደርሷል፣ ካልተንሸራተተ ተዉት። ይሄ ብቻውን የዛሬን ድካም ይክሳል።

ቢሆንም ቅርፊቱ እዚህም እዚያም ተነቃቅሎ ነበር። ሰሃን ይዤ ኪሪያ ጋ ወረድኩ። አገላብጠው አዩት። "ውሃ አላስነካሽውም" አሉ። የምን ውሃ? ፎርማጆውን ከመቁረጥ በኋላ ቧንቧ ሥር ከፊትም ከኋላም አርጥቢው፣ ከዚያ ወዲያው ዱቄት፣ ከዚያ ትርፉን አራግፊ፣ ከዚያ ወዲያው ዘይት። እኔ ደግሞ የሐሙሱ ጠባሳ ክንዴ ላይ አለ፣ እርጥብ ነገር ዘይት ውስጥ ክተቺ ሲሉኝ ፈራሁ። ግን ትክክል ናቸው። ዱቄቱ ከውሃው ጋር ስስ ሊጥ ሆኖ ፎርማጆው ላይ ይለጠፋል፣ ደረቅ ዱቄት ግን የሚይዘው ስለሌለው ዘይቱ ውስጥ ይራገፋል። ፌታን ያንጣጣው ውሃው ብቻ ሳይሆን ዱቄቱ ሳይሸፍነው መቅረቱም ነው። ከማታ በፊት አንድ ቁራጭ እንደገና ሞከርኩ። ተሳካ። ዙሪያውን አንድ ወጥ ቡናማ፣ ሳይቀደድ። ብቻዬን ወጥ ቤት ቆሜ እጄን አጨበጨብኩ።

የውፍረት ነገር፦ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ሙሉ በሙሉ ቀለጠ፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ደግሞ ውጪው ሲጠቁር መሀሉ ቀዝቃዛ ነው። ከአንድ ትንሽ በለጥ ያለው ልክ ነው። ደግሞ ከፍሪጅ በቀጥታ፣ ቀዝቃዛውን። ሞቅ ያለ ፎርማጆ ቅርፊት ከመያዙ በፊት ይለሰልሳል።

እሁድ

ከቅዳሴ መልስ። ኬፋሎግራቪየራው ግማሽ አለ፣ ዛሬ ዱቄቱን ልቀይር አልኩ። ከአዲስ አበባ ሰው ያመጣልኝ የጤፍ ዱቄት አለኝ። ቆጥቤ እንደ ወርቅ የማስቀምጠው ነው፣ ግን ለሳይንስ ሲባል ሁለት ማንኪያ ከፈልኩ።

ቅርፊቱ ከስንዴው ይሳሳል፣ የበለጠ ኩርሽ ይላል፣ ትንሽ የቂጣ ሽታ አለው። ወድጄዋለሁ። አንድ ችግር አለ። የእኔ ጤፍ ቀይ ነው፣ ገና ሳይጠበስ ቡናማ ስለሆነ መድረሱን በዓይን መለየት አይቻልም። በመንሸራተቱ ብቻ ነው የሚታወቀው። ለኪሪያ አቀመስኳቸው። "ይሄ የግሪክ አይደለም" አሉ። ሁለተኛ ቁራጭ አነሱ። "አይደለም" አሉ ደግመው።

ማታ ቺካጎ ያለችው እህቴ በቪዲዮ ደወለች። መጥበሻውን አሳየኋት፣ ኮራ ብዬ። "እሳቱስ?" አለችኝ። የምን እሳት? እሷ የምታውቀው ሳጋናኪ አስተናጋጁ ጠረጴዛ ላይ ብራንዲ አርከፍክፎ የሚያቀጣጥለው፣ ነበልባሉ ጣሪያ ሊነካ ሲል "ኦፓ!" ተብሎ ሎሚ የሚጨመቅበት ነው። ይህ ግን የቺካጎ ፈጠራ ነው። እዚያ ግሪክታውን በሚባለው ሰፈር በ1968 የተከፈተው ፓርተኖን የሚባል ሬስቶራንት ነው የጀመረው ይባላል፣ ቤቱም በ2016 ተዘግቷል። እዚህ አቴንስ ውስጥ ሳጋናኪ የሚያቃጥል ታቬርና እኔ አልገጠመኝም፤ ቢኖርም ለቱሪስት ነው የሚሆነው። ኪሪያን ስጠይቃቸው ነገሩን ደጋግሜ እስካስረዳቸው ድረስ አልገባቸውም ነበር። ሲገባቸው "ብራንዲውንስ ማን ጠጣው?" አሉ።

እህቴ ግን ያለ እሳት ሳጋናኪ አይደለም ብላ ድርቅ አለች። ሰው መጀመሪያ የቀመሰው ነው ልኩ። የእኔ ወጥ ቤት ጣሪያ ዝቅተኛ ነው፣ መጋረጃም አለው፣ ስለዚህ ክርክሩ እዚህ ላይ ቆመ።

ሰኞ

ትክክለኛውን መጥበሻ ገዛሁ። ትንሽ፣ ክብ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ጆሮ ያለው። ሳጋናኪ የሚባለው እንግዲህ እሱ ነው፤ ምግቡ ስሙን ያገኘው ከመጥበሻው ነው። ለዚህ ነው በሽሪምፕ፣ በቲማቲምና በፌታ የሚሠራውም ሳጋናኪ የሚባለው። "አኪ" ማሳነሻ ናት፣ ግሪኮች ቡናውንም ልጁንም ቤቱንም በአኪ ያሞላቅቁታል። "ሳጋኒ" ደግሞ ከቱርክኛው "ሳሃን" የመጣ ነው፣ ቱርኮቹ ከዐረብኛው "ሰሕን" ወሰዱት። ይሄን ሳውቅ እጄ ላይ ያለውን አየሁት፤ የእኛም ሳህን የዚያው ዘር ነው! ሳጋናኪ ማለት ሳህኒት ማለት ነው በቃ። እኔ ስንት ዓመት ሙሉ እንደ ባዕድ ቃል ስጠራው ነበር።

ይሄ ሞራል ሰጠኝ መሰለኝ፣ ፎርማጆውንም ራሴ ልሥራው አልኩ። ሦስት ወር የሚቀመጥ ኬፋሎግራቪየራ በስድስት ቀን እንደማይደርስ አውቃለሁ። ግን ሳይቆይ የሚጠበስም አለ። የቆጵሮሱ ሃሉሚ አለ፣ ስሙ በአውሮፓ ሕብረት የተጠበቀው በ2021 ነው። እዚህም ፓርናሶስ ተራራ ላይ አራሆቫ የሚሠራው ፎርማኤላ አለ፣ እሱም ተጠብሶ ነው የሚወደደው።

ወተት ማርጊያውን እዚህ ፒቲያ ይሉታል፣ ፋርማሲ ነው የሚሸጠው። ፋርማሲስቷ ለምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀችኝም። ከሱፐርማርኬት አራት ሊትር የላም ወተት ገዛሁ፣ ወደ 33 ዲግሪ አሞቅሁ፣ ፒቲያውን በውሃ በጥብጬ ጨመርኩ፣ አንድ ሰዓት ጠበቅሁ።

ለጋ እርጎ ሆነ። ተጨማሪ ግማሽ ሰዓት፣ ያው ለጋ እርጎ። በቢላ ስቆርጠው መስመሩ ራሱን መልሶ ዘጋ። ካርቶኑን ገልብጬ ሳነብ "ከፍተኛ ፓስቸራይዜሽን" ይላል። አጥንቱ እዚህ ነው የተሰበረው። ወተት በጣም ከፍ ባለ ሙቀት ሲያልፍ አጓቱ ውስጥ የሚቀረው ፕሮቲን ዋናውን የወተት ፕሮቲን ይጣበቅበታል፣ ፒቲያው ሊያያይዘው አይችልም። ለሻይ ችግር የለውም። ለፎርማጆ ግን እንዲህ ያለ ወተት አትግዙ፣ ረጅም ዕድሜ ያለውን የካርቶን ወተትማ ጭራሽ አታስቡት።

አራት ሊትር ወተት አይደፋም። ወደ 85 ዲግሪ አሞቅሁት፣ የሁለት ሎሚ ጭማቂ ጨመርኩበት፣ ተቋጠረ፣ በጨርቅ አጠለልኩት። አይብ ሆነ። እውነተኛው አይብ ቅቤ ከወጣለት አሬራ ነው፣ ይሄኛው ቅቤው ያለበት ሀብታም አይብ ነው። ጎመን ቀቅዬ ማታ በላሁ። ጥቂቱን ድንጋይ ጭኜ አደረቅሁትና ጠበስኩት፤ አልቀለጠም፣ ቡናማም ሆነ፣ ግን ሲታኘክ አሸዋ አሸዋ ይላል። ተወው።

ማክሰኞ

የፍየል ወተት፣ ተራ ፓስቸራይዝድ፣ አራት ሊትር። ካርቶኑን ሁለት ጊዜ አነበብኩ።

33 ዲግሪ፣ ፒቲያ፣ ክዳን፣ ፎጣ። ከአርባ አምስት ደቂቃ በኋላ ጣቴን አስገብቼ ቀና ሳደርገው ንጹሕ ስንጥቅ ሆኖ ተከፈተ፣ ስንጥቁ ውስጥ ጥርት ያለ አጓት። ይሄን ለማየት ነበር ትናንት ሙሉ ቀን የቆምኩት! በቢላ ሽምብራ እስኪያክል ቆራረጥኩት፣ ቀስ እያልኩ እያማሰልኩ ወደ 40 ዲግሪ አደረስኩት፣ በጨርቅ ጠቅልዬ በሁለት ሊትር ውሃ ጠርሙስ ተጫንኩት።

አጓቱን አትድፉ። መልሼ ጣድኩት። ወደ 90 ዲግሪ ሲጠጋ ነጭ ነገር ከሥር እየተነሳ ላይ ተንሳፈፈ፣ በጭልፋ ሰበሰብኩት። ግሪኮቹ ሚዚትራ ይሉታል። ኪሪያ ጨው ነስንሰው በሉ፣ እኔ በርበሬ ነሰነስኩ። ለአፍ አይባችን ነው፣ ዓይኔን ብጨፍን አልለየውም፣ ብቻ ጎምዘዝ አይልም።

ከዚያ የተጫነውን ፎርማጆ በአራት ቆርጬ እዚያው የፈላ አጓት ውስጥ ከተትኩት። ለሰላሳ አምስት ደቂቃ። መጀመሪያ ሰጠመ፣ ሲበስል ተንሳፈፈ። አውጥቼ በሞቀበት ጨውና የደረቀ ናና ነስንሼ እንደ መጽሐፍ አጠፍኩት። ሁሉም ሲመዘን 430 ግራም። ከአራት ሊትር! ፎርማጆ ለምን እንደሚወደድ ገባኝ።

ለምን አይፈስም የሚለውን አሁን ነው በደንብ ያየሁት። የወተቱን ፕሮቲን እርስ በርስ አያይዞ የሚይዘው ካልሲየም ነው። ወተቱ እየኮመጠጠ ሲሄድ ካልሲየሙ ይሟሟል፣ መያዣው ይላላል፣ በመጠኑ የላላው እሳት ሲነካው ይፈሳል። ካሴሪ እንደዚያ ነው። እኔ ዛሬ እርሾ አልጨመርኩም፣ ለመኮምጠጥም ጊዜ አልሰጠሁትም፣ ስለዚህ ካልሲየሙ ቦታው ላይ ነው። ደግሞ አጓት ውስጥ ቀቅዬዋለሁ። በጣም የኮመጠጠውስ? እሱም አይፈስም፣ ይፈረካከሳል፤ ፌታን ጠይቁ። አይብ ደግሞ በኮምጣጣ ነገርና በሙቀት የተቋጠረ ስለሆነ ብታቃጥሉትም አይቀልጥም። መሀል ላይ ያለው ነው የሚቀልጠው።

አንዷን ቁራጭ ጠበስኩ። ጥርስ ላይ ጢቅ ጢቅ ትላለች። ጨው አነሳት። የቀሩትን ጨው ውሃ ውስጥ ከተትኩ፣ በሊትር መቶ ግራም ጨው።

ረቡዕ

ጾም። ማሰሮውን ከፍቼ አየሁ፣ ዘጋሁ።

ሐሙስ

ዛሬ ግሪኮቹ ጺክኖፔምፕቲ ነው የሚሉት። ጺክና ስጋ ሲጠበስ የሚሸተው ጭስ ነው፣ ፔምፕቲ ሐሙስ፤ የጭስ ሐሙስ። የእነሱ ጾም ሊገባ አስራ አንድ ቀን ሲቀረው በየመንገዱ፣ በየበረንዳው፣ በየሱቁ በር ከሰል ተያይዞ ስጋ ይጠበሳል። ኪፕሴሊ ከቀትር ጀምሮ ሰማዩ አልታየም። ፎኪዮኖስ ኔግሪ መንገድ ላይ ስሄድ ጠጉሬ ሳይቀር ሸተተ።

ኪሪያ በረንዳቸው ላይ ከሰል አያይዘው ጠሩኝ። መጥበሻዬን ይዤ ወረድኩ፣ የራሴን ፎርማጆ ከሰሉ ላይ ጠበስኩ። ከምድጃው ይልቅ ከሰሉ እሳቱን መቆጣጠር ከባድ ነው፣ አንዱ ጠርዝ አረረ። ግን ጭሱ ገብቶበት ሌላ ነገር ሆነ። የኪሪያ ወንድም ልጅ በላና የት ገዛሽው አለኝ። ቀለል አድርጌ "ሠራሁት" አልኩት። ውስጤ ግን ጎረቤት ይጠራ ይል ነበር።

ቅዳሜ

አርብ ጾም ነበር፣ ዘለልኩት። ዛሬ ለነገው ገበያ፦ ኬፋሎግራቪየራ አንድ ኪሎ፣ ሎሚ አስር፣ ዳቦ። በገዛ እጄ የሠራሁት ለስድስት ሰው አይበቃም፣ አንዳንድ ጉርሻ ማቅመሻ ነው።

እሁድ፣ ቅበላ

ስድስት ያልኳቸው ዘጠኝ ሆነው መጡ።

እቅዴ ሁሉንም ጠብሼ ትልቅ ሰሃን ላይ ደርድሬ ማቅረብ ነበር። አልሠራም። መጥበሻዬ የሚይዘው ሁለት ቁራጭ ነው፣ አንድ ዙር አራት ደቂቃ ይፈጃል፣ ሦስተኛው ዙር ሲደርስ የመጀመሪያው እንደ ጫማ ሶል ደርቋል። ሳጋናኪ ማንንም አይጠብቅም። እንግዶቹ ሳሎን ተቀምጠው እየጠበቁ እኔ ወጥ ቤት እየሮጥኩ ላቤ ጠብ ሲል አንዷ ጓደኛዬ ገብታ "አቦ ምን ያደርግልሻል፣ እኛ እንምጣ" አለች። ሁሉም ወጥ ቤት ገቡ። ዳቦውን እጃቸው ላይ ይዘው እንደ ሰርግ ቤት ተገፋፍተው ቆሙ፣ እኔ ከመጥበሻው በቀጥታ ዳቦአቸው ላይ ሳሳርፍ ሎሚ ጨምቀው ወደ አፍ። ከዚያ በኋላ አንድም የደረቀ አልነበረም።

የጸናው አሠራር ይኸው ነው፦ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በለጥ ያለ ቁራጭ፣ ቀዝቃዛ፣ ቧንቧ ሥር ማርጠብ፣ የስንዴ ዱቄት፣ ማራገፍ፣ ዱቄት ሲጣልበት የሚንጨረጨር ዘይት፣ በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ደቂቃ ገደማ፣ እስኪንሸራተት አለመንካት። በየሦስት ዙሩ ዘይቱን መቀየር አለባችሁ፣ የረገፈው ዱቄት እያረረ ያመርረዋል። ጨው ጭራሽ አትጨምሩ።

አንዱ ከኪሱ ሚጥሚጣ አወጣ። ከኪሱ! ሎሚው ላይ ነሰነሰ። ልቆጣ ነበር፣ ቀመስኩና ዝም አልኩ። የሚጥሚጣው ጨው ከፎርማጆው ጨው ጋር ይበዛል፣ ቁንጥጫዋ ትንሽ ከሆነች ግን ይሄዳል።

የራሴ የሠራሁት የመጨረሻዋ ቁራጭ በስምንት ተቆረሰች። አንዱ "ሃሉሚ ነው አይደል?" አለ። አንዷ ደግሞ "ይሄኛው አይብ ይመስላል" አለች። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ማክሰኞ

ዘወረደ ሁለተኛ ቀን። የእኛ ጾም ከግሪኮቹ አንድ ሳምንት ይቀድማል፣ ፋሲካው ግን አንድ ቀን ነው። እኛ ሽሮ ስንጀምር እነሱ ቲሪኒ የሚሉት የአይብ ሳምንት ላይ ናቸው፤ ስጋ ቆሟል፣ ወተትና ፎርማጆ ግን እስከ እሁድ ረቡዕና አርብን ጨምሮ ይበላል። ኪሪያ እኛ በጾም ዘይት መብላታችን ይገርማቸዋል፣ እኔ እነሱ ሽሪምፕ መብላታቸው ይገርመኛል፣ በዚህ ላይ ስምምነት የለንም።

ትናንት የተረፈችኝን ሩብ ኪሎ ኬፋሎግራቪየራና መጥበሻዬን አወረድኩላቸው። ዛሬ ማታ በሬ ተንኳኳ። ኪሪያ ሰሃን ይዘው ቆመዋል፣ ሁለት ቁራጭ ሳጋናኪ፣ ሎሚው ገና ይንጠባጠባል።

"ጨው በዝቶበታል፣ ቅመሺና ንገሪኝ" አሉ።

"ጾም ነኝ፣ ኪሪያ።"

"እንግዲያው አሽትቺው።"

አሸተትኩት። ገልበጥ አድርጌም አየሁት፤ ከሥር በኩል ቅርፊቱ አንድ ጥግ ላይ ተነቅሏል።

"ጨዉን እንጃ" አልኳቸው፣ "ግን ትንሽ ቀድመው ነው የገለበጡት።"